ሰኔ 29 የገባው አርባ ጎማ

እንደምን አመሻችሁ።

የጋበዛችሁኝ የመንግሥትን የወጪ ብክነት ስለሚቀንስ ገለልተኛ ኮሚሽን እንድናገር ነው። እኔ ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ኮሚሽኑ ጋ ከመድረሴ በፊት ስለ ጎማ ላውራችሁ።

ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ነው። ቀኑ ሰኔ 24። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አለቃዬ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባና «ስንት ቀረን?» አለኝ። የጠየቀው ቀኑን አይደለም፤ ብሩን ነው። ለተሽከርካሪ መለዋወጫ ከተያዘው ብዙ እንዳልተነካ ነገርኩት። «በቃ፣ ከሰኔ 30 በፊት ይለቅ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ሰኔ 29 ከሰዓት በኋላ አርባ ጎማ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ቆጥራ ተረከበች፣ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ቆረጠች። እኔ ክፍያውን አዘጋጀሁ። ሰነዱ ልቅም ያለ ነበር። ኦዲተር ቢመጣ ጣቱን የሚያስገባበት ቀዳዳ አያገኝም።

ጎማው የሚገጥመው ግን ለድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ነበር። ላንድሮቨሮቹ ከሁለት ዓመት በፊት በጨረታ ተሸጠዋል። የግዢ መጠየቂያውን የሞላው ልጅ ጊዜ ስላልነበረው ከአሮጌ ፋይል ላይ ገልብጦት ነው።

ሳቃችሁ። እኛም ያኔ ስቀናል። ሐምሌ ላይ።

ያን ሳምንት ማንም አልሰረቀም። ሌብነትና ብክነት ለየቅል ናቸው። ሌባ ይደበቃል። ብክነት ግን ማኅተም ተመቶበት፣ ሦስት ሰው ፈርሞበት፣ በፋይል ታስሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ለሌባው ሕግ አለን፤ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮም የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለን። አርባው ጎማ ግን በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳል?

አለቃዬም ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም በግል ሕይወቱ ቆጣቢ ነው፤ ሻይ ሲጋብዝ አይቼው አላውቅም። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ያልተነካ ብር ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ብሩ መመለሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥያቄ ይዞ ሲቀርብ «አምና የሰጠናችሁን መጨረስ አቅቷችሁ ዘንድሮ ጭማሪ?» ይባላል። ብር የተረፈው መሥሪያ ቤት ሰነፍ ይባላል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ ጎማ ይገዛል። ቀለም ይገዛል፤ ማተሚያው ከተበላሸ ቢቆይም። «የአቅም ግንባታ ሥልጠና» ተብሎ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ይያዛል። ባነር፣ ቲሸርት፣ አበል። ከናንተ መሃል የሰኔ ሥልጠና ያልሄደ አለ? እጃችሁን አታውጡ፤ ለምን እንተዛዘባለን።

ይህ የኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት የሚያልቀው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ነው። ሁለት ተመራማሪዎች የግዢ መዝገቡን አገላብጠው ሲያዩት፣ በመጨረሻዋ አንድ ሳምንት የሚወጣው ገንዘብ ከሌላው ጊዜ የሳምንት አማካይ አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት። በዚያች ሳምንት የተገዙ የኮምፒውተር ሥራዎችም በጥራት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። የገረመኝ ሌላው ነገር ነው። የፍትሕ መሥሪያ ቤታቸው የተረፈውን ገንዘብ ለኮምፒውተር ሥራ ወደሚቀጥለው ዓመት የማሻገር ልዩ ፈቃድ አለው። እዚያ የመጨረሻ ሳምንት ግርግር የለም። ሰዎቹ ያው አሜሪካውያን ናቸው። የተለየው ደንቡ ነው።

እንግዲህ ወደ ኮሚሽኑ።

«ብክነትን የሚያጣራ ገለልተኛ አካል ይቋቋም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር የሚያጣራማ አለን እላለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ዋና ኦዲተርን አቋቁሟል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። የራሱን በጀት እንኳ ለምክር ቤቱ በቀጥታ አቅርቦ ነው የሚያስጸድቀው። ሪፖርቱ በየዓመቱ ይነበባል፤ ቴሌቪዥንም ያሳየናል። ርዕሶቹን በቃላችን ይዘናቸዋል፦ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከበጀት በላይ የወጣ፣ ጭራሽ ሥራ ላይ ያልዋለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቋሚ ኮሚቴው ፊት ይቀርባል። «የተሰጠንን አስተያየት በግብዓትነት እንወስዳለን» ይላል። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ኃላፊ መጥቶ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይደግመዋል።

ስለዚህ ብክነት እኛ ጋ የተሰወረ ነገር አይደለም። ተገኝቷል፣ ተቆጥሯል፣ ተነቧል። የቸገረን ከተገኘ በኋላ ያለው ነው። አዲሱ ኮሚሽን ሌላ ሪፖርት የሚጽፍ ከሆነ መደርደሪያ ብቻ ነው የሚያስገዛን።

በሌላ አገር የሆነውን ልንገራችሁ።

አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1982 ፒተር ግሬስ በሚባል ባለሀብት የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመ። ከ150 በላይ የኩባንያ ኃላፊዎች ገቡበት። ወጪውን የሸፈኑትም ራሳቸው ኩባንያዎቹ ናቸው። በ1984 ሪፖርቱ ወጣ፦ 47 ቅጽ፣ 2,478 ምክረ ሐሳብ፣ በሦስት ዓመት 424 ቢሊዮን ዶላር ማዳን ይቻላል የሚል። ወዲያው የኮንግረሱ ኦዲትና የበጀት መሥሪያ ቤቶች አብዛኛውን አስልተው ሲያዩት፣ የሚድነው 100 ቢሊዮን እንኳ የማይሞላ ሆኖ አገኙት። ከምክሮቹ ብዙዎቹ ደግሞ ሕግ ማሻሻል የሚፈልጉ ነበሩ። ኮንግረሱ ደስ ያለውን አንሥቶ የቀረውን ተወው። 47 ቅጽ! እኔ እንኳ የሂሳብ ሰው ሆኜ አላነበውም።

በዚያው አሜሪካ፣ በዚያው ዘመን፣ ሌላ ኮሚሽን ግን ሠርቷል። ትንሽ እንድቆይበት ፍቀዱልኝ።

የአሜሪካ ጦር የማያስፈልጉት ካምፖች ነበሩት። ሁሉም ያውቃል። ግን ካምፕ ያለበት አካባቢ ሁሉ የምክር ቤት አባል አለው። ካምፑ ከተዘጋ የአካባቢው ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ የቤት ኪራይ ሁሉ ይዘጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል «ብክነት ይቅር፣ የኔ ካምፕ ግን አይነካ» ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል አንድም ትልቅ ካምፕ መዝጋት አልተቻለም።

በ1988፣ ከዚያም ይበልጥ በተሟላ መልኩ በ1990፣ አንድ ብልሃት ያለው ሕግ አወጡ። የመከላከያ ሚኒስትሩ የሚዘጉትን ካምፖች ዝርዝር ያዘጋጃል። ነጻ ኮሚሽን ዝርዝሩን ተቀብሎ በየቦታው እየዞረ ሕዝብ ያነጋግራል፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ፕሬዚዳንቱ ዝርዝሩን እንዳለ ይቀበላል፣ ወይም አንድ ጊዜ ይመልሰዋል። መርጦ ማውጣት አይችልም። ከዚያ ኮንግረሱ 45 ቀን አለው። በ45 ቀን ውስጥ ሙሉውን ዝርዝር ካልሻረ ይጸናል። «የኔን ካምፕ አውጡልኝ» ማለት የለም። ወይ ሁሉም፣ ወይ ምንም።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት ራሱ ማጽደቅ ሆነ። እኛ ጋ ዝም ከተባለ ነገሩ ይሞታል።

አምስት ዙር ተካሄደ፦ 1988፣ 1991፣ 1993፣ 1995 እና 2005። ከ350 በላይ ተቋማት ተዘጉ። የምክር ቤት አባላቱ ቤታቸው ሄደው «እኔ ታግዬ ነበር፣ ኮሚሽኑ ነው ያደረገው» ይላሉ። ኮሚሽኑ ስድቡን ይጠጣል፤ ሥራው ነው። ለመከላከያ ሚኒስቴርም አልተንበረከከም። በ2005 ሚኒስቴሩ ይዘጉ ካላቸው መሃል የፖርትስመዝን የመርከብ ማደሻና የኒው ለንደንን የባሕር ሰርጓጅ ሰፈር አይዘጉም ብሎ አውጥቷቸዋል። ዙሩ ሲያልቅ ኮሚሽኑም አብሮ ይፈርሳል።

ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። የ2005ቱ ዙር ማስፈጸሚያ 21 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ 35 ቢሊዮን ፈጅቷል። ቁጠባም ቀብድ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የደነገጠው ኮንግረስ ከዚያ ወዲህ ሌላ ዙር ሲጠየቅ እምቢ ብሏል።

ደግሞ የቅርቡ አለ፤ ዶጅ። ለኔ ዘመን ሰው ዶጅ መኪና ነው፤ አሁን ግን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በኢሎን መስክ ፊታውራሪነት ወጪ ሊቀንስ የተነሣው የአሜሪካ መንግሥት ክፍል ስም ነው። 2 ትሪሊዮን ዶላር ይድናል ተባለ። ቆይቶ 1 ትሪሊዮን ሆነ፤ ከዚያም እያነሰ ሄደ። «ያዳንነው ይኸው» ብለው በለጠፉት ዝርዝር ላይ 8 ቢሊዮን ዶላር የተባለው ውል 8 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ሦስት ዜሮ! እኔ በሦስት ሳንቲም ልዩነት እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች አሉ። የዩኤስኤአይዲ መፍረስ ላይም የዚህ ክፍል እጅ ነበረበት። የዕርዳታው መቋረጥ ዱላ እኛም ጋ ደረሰ። ጤና ሚኒስቴራችን በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 የሚሆኑ ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ከመቁረጣቸው በፊት ማን ምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም። ዶጅ በሕዝብ ፊት አላነጋገረም፣ ምክር ቤት አስቀድሞ ድምፅ አልሰጠበትም። መጥረቢያ ነበር፤ ኮሚሽን አልነበረም።

ወደ ቤታችን እንቅረብ። ታንዛኒያ።

ጆን ማጉፉሊ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ እኛ ቢሮ ውስጥ ሳይቀር ተጨብጭቦላቸዋል። የነጻነት በዓሉን ሰልፍ ሰርዘው ሕዝቡን መጥረጊያ አስያዙት። ለምክር ቤቱ መክፈቻ ግብዣ ከተያዘው ገንዘብ አብዛኛው ለሙሂምቢሊ ሆስፒታል አልጋ መግዣ እንዲውል አደረጉ። የባለሥልጣን የውጭ ጉዞ አገዱ። «ቡልዶዘር» ይሏቸው ነበር። እኔም ወድጃቸው ነበር፤ አልክድም።

ከዚያስ? የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ሙሳ አሳድ 1.5 ትሪሊዮን ሽልንግ መዝገቡ ላይ አልገጠመም የሚል ሪፖርት አወጡ። ቆይተው በአንድ ቃለ ምልልስ የምክር ቤቱን ድክመት ተናገሩ። ምክር ቤቱ በ2019 «ከዚህ ሰው ጋር አንሠራም» ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የሥራ ዘመናቸው አልታደሰም። ፕሬዚዳንቱ የሌላውን ወጪ ሲቆርጡ ሁሉም ጀግና አለ። ኦዲተሩ የመንግሥቱን መዝገብ ሲገልጥ ግን ቦታ አጣ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

እኛስ? «ኮሚሽን» የሚለው ቃል ታሪክ አለው። በ1966 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት፣ የወሎውን ረሃብ መደበቅ ጨምሮ፣ የሚመረምር መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ሰዎቹ ቁጭ ብለው ምስክር ይሰማሉ፣ ሰነድ ያገላብጣሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት፣ ከባለሥልጣናቱ ብዙዎቹን ጨምሮ፣ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ኮሚሽኑ ሥራውን አልጨረሰም ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ያጣራ? የኔ ዘመን ሰው ኮሚሽን ሲባል ጥግ የሚይዘው በከንቱ አይደለም።

ታዲያ ምን ዓይነት ይሁን?

ከሁሉ በፊት ዕድሜው ይወሰን። ሁለት ዓመት፤ ከዚያ ይፍረስ። ሕንጻ አይከራይ፣ አርማ አያስቀርጽ፣ የሕዝብ ግንኙነት ዳይሬክቶሬት አያቋቁም። ብክነት ለመቀነስ የመጣው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው የመስክ መኪና ከሆነ አብቅቶለታል። ጎማ እንኳ አለን።

ብሩን ምክር ቤቱ በቀጥታ ይስጠው፤ የሁለቱን ዓመት አንድ ላይ። የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ፊት በየሐምሌው እጁን ዘርግቶ የሚቆም መርማሪ ደፋር ሊሆን አይችልም። አባላቱን በስልክ ማንሣትም አይቻል።

ዋናው ግን ዝርዝሩ ነው። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ካገኘው ውስጥ ኮሚሽኑ የሚዘጋውን ይዝጋ፣ የሚዋሃደውን ያዋህድ፣ የሚሰረዘውን ፕሮጀክት ይሰርዝ፤ አንድ ዝርዝር ያውጣ። በሕዝብ ፊት ይሟገትበት። ምክር ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ሙሉውን ካልሻረ ይጽና። የአሜሪካኖቹን ብልሃት መኮረጄ አያሳፍረኝም።

ትልቁን ብር መንካትም አለበት። የ2018 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት ወደ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ነው የጸደቀው። ከዚህ ላይ የሻይና የብስኩት ወጪ ብንቀንስ ዜና ይሆን ይሆናል፤ ቁጠባ አይሆንም። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር አሥር አዳዲስ ስኳር ፋብሪካዎች ይገነባሉ ተብሎ ነበር። ስኳር ወደ ውጭ ልንልክ ነበር። ዕቅዱ አምስት ዓመቱን ሲጨርስ ብዙዎቹ አላለቁም፤ እኛም ሸማቾች በር ላይ በኪሎ ተሰልፈን ነበር። እዚያ ገንዘቡ የባከነው ማንም ጎማ ስላበዛ አይደለም። ጥናቱ ሳያልቅ መሠረት ስለተጣለ ነው። ፕሮጀክት ሲጀመር ሪባን የሚቆርጥ ሞልቷል። «ቆይ፣ አሁን አይጀመር» የሚል ሥልጣን ያለው ሰው ነው የጠፋው።

የሰኔውን ጉዳይ ደግሞ ኮሚሽን እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ከተረፈው የተወሰነ እጅ ወደ ሐምሌ ይሻገር፣ የቆጠበውም በሚቀጥለው በጀት አይቀጣ። አለቃዬ ያኔ ይህ ቢፈቀድለት ጎማ ባልገዛ ነበር። ቆጣቢ ሰው ነው ብያችኋለሁ፤ ሻዩን አትርሱ።

አንዲት ወጣት ቅድም ወረቀት ልካለች። «አባላቱ እነማን ይሁኑ?» ትላለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ትልልቅ ስም ብቻ አትሰብስቡ። ትልቅ ስም ያለው ሰው ብዙ ወዳጅ አለው። አንድ መሐንዲስ ይኑር፣ ግንባታ የት ላይ እንደሚያብጥ የሚያውቅ። የግዢ ሥራ ያረጀበት ሰው ይኑር። ከክልል የመጣ የወረዳ ፋይናንስ ሠራተኛ ይኑር፤ ደመወዝ የዘገየባትን አስተማሪ ፊት ለፊት ያየ። አንዲት ጡረታ የወጣች የንብረት ክፍል ኃላፊ ደግሞ የግድ ትኑር። በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 ሳይወጣ የቀረው ዕቃ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። ሚኒስትሩ አያውቅም።

ሌላው ጥያቄ «አርባው ጎማ የት ደረሰ?» የሚል ነው። ይህንን እንደምትጠይቁ አውቄያለሁ።

መጋዘን ውስጥ ቆየ። በየዓመቱ የንብረት ቆጠራ ሲደረግ ሦስት ሰው ኮሚቴ ይሆናል፣ ጎማውን ይቆጥራል፣ ቅጽ ላይ ይጽፋል፦ አርባ፣ አዲስ፣ ያልተገጠመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ «አዲስ፣ የተሰነጣጠቀ» መባል ጀመረ። እንዳይወገድ አዲስ ነው፤ እንዳይሸጥ የሚገዛ የለም።

ጡረታ ልወጣ በነበርኩበት ዓመት ቅጹን ሳየው ሠላሳ ስምንት ይላል። ሁለት ጎድሏል። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ቃለ ጉባዔ ተያዘ። ኋላ ላይ ተገኙ። የጥበቃ ሠራተኛው ወስዶ በር ላይ አጋድሟቸው፣ አፈር ሞልቶ ጤና አዳም ተክሎባቸዋል። ጠዋት ቡና ሲያፈሉ ከዚያ ነበር የሚቀነጥሱት። እኔም ጠጥቻለሁ።

«የመንግሥትን ንብረት ያለፈቃድ ለሌላ አገልግሎት በማዋል» ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። በአርባው ጎማ ምክንያት ደብዳቤ የደረሰው ሰው እሱ ብቻ ነው።